ፒቲኤስዲ ኮች በድንገተኛ አደጋ ሠራተኛ እጅ፦ የአንድ መተግበሪያ ግምገማ

ፒቲኤስዲ ኮች (ፒቲኤስዲ ከአሰቃቂ ክስተት በኋላ የሚመጣ የጭንቀት ሕመም ነው) የተባለው የስልክ መተግበሪያ እ.ኤ.አ. በ2011 ለመጀመሪያ ጊዜ ሲወጣ በዋናነት የታሰበው ከጦር ሜዳ ለተመለሱ የአሜሪካ ወታደሮች ነበር። ያዘጋጀው በአገሪቱ የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት ሥር የሚገኘው ብሔራዊ የፒቲኤስዲ ማዕከል ሲሆን የመከላከያ ሚኒስቴሩም በሥራው ተሳትፏል። ዛሬ በአይፎንም ሆነ በአንድሮይድ ስልክ ማንም ሰው በነጻ ሊያወርደው ይችላል፤ ስለዚህም አምቡላንስ ላይ የሚሠራው፣ እሳት የሚያጠፋው፣ የአደጋ ጥሪ የሚቀበለውና በድንገተኛ ክፍል የሚያድረው ባለሙያ ሁሉ በእጁ ሊይዘው የሚችል መሣሪያ ሆኗል። ይህ ግምገማ የሚመለከተው እነዚህን ባለሙያዎች ነው። ጉዳቱ አንድ ጊዜ ደርሶ ላለፈበት ሰው ታስቦ የተሠራ መሣሪያ፣ ጉዳቱ በየፈረቃው ለሚደጋገምበት ሰው ምን ያህል ያገለግላል? መልሴን ከወዲሁ ልናገር፦ ራስን ለመከታተልና አንድን ከባድ ሰዓት ለማለፍ ጥሩ ነው፤ ሕክምናን ግን አይተካም፤ አያያዙን ካላወቁበትም ሕክምናውን የሚያዘገይ ልማድ ሊያስይዝ ይችላል።

ወደ መተግበሪያው ከመግባቴ በፊት ስለ ሕመሙ ጥቂት ልበል፤ ያለዚያ ግምገማው መሠረት አይኖረውም። ከአሰቃቂ ክስተት በኋላ የሚመጣው ይህ የጭንቀት ሕመም በአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር የምርመራ መመሪያ ውስጥ ራሱን ችሎ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው አምስተኛው እትም ምልክቶቹን በአራት ወገን ይከፍላቸዋል፤ ትዝታው ሳይፈለግ በቅዠትም ሆነ በቀን መምጣቱ፣ ክስተቱን ከሚያስታውስ ነገር ሁሉ መሸሽ፣ ሐሳብና ስሜት መጨለሙ፣ በመጨረሻም ሰውነት ሁልጊዜ አደጋ እንደሚጠብቅ ሆኖ መወጠሩ። ምልክቶቹ ከአንድ ወር በላይ መቆየትና የሰውየውን ኑሮ ማወክ አለባቸው። ለእኛ ጉዳይ ትልቁ ነገር ግን ይኸው እትም በሥራ ምክንያት ደጋግሞ ለአሰቃቂ ነገሮች ዝርዝር መጋለጥን እንደ መነሻ መቀበሉ ነው፤ ለምሳሌነት የጠቀሳቸውም የሰው አስከሬን የሚሰበስቡ የአደጋ ጊዜ ሠራተኞችንና በሕፃናት ላይ የተፈጸመ ጥቃትን ዝርዝር በተደጋጋሚ የሚሰሙ ፖሊሶችን ነው። ስለዚህ «አንተ ላይ ምን ደረሰ? አደጋው የደረሰው በሌላ ሰው ላይ አይደለም ወይ?» የሚለው የቆየ ክርክር በሙያው ዘንድ ተዘግቷል፤ በየመሥሪያ ቤቱ ኮሪደር ግን አሁንም አልተዘጋም።

ቁጥሩም ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ፣ በልዩ ልዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረ ሥራ ከአደጋ ጊዜ ሠራተኞች መካከል 10 በመቶ ያህሉ በጥናቱ ወቅት በዚህ ሕመም ላይ እንደነበሩ ገምቷል፤ ከሁሉም ከፍ ብለው የተገኙትም የአምቡላንስ ሠራተኞች ናቸው። ከዚህ በተጨማሪ ምርመራውን የሚያሟላ ምልክት ሳይኖራቸው እንቅልፋቸው የተቃወሰ፣ ቤተሰባቸውን በትንሽ ነገር የሚቆጡ፣ በዓል ላይ ተቀምጠው ምንም የማይሰማቸው ብዙዎች አሉ። «ሆድ ይፍጀው» ብሎ ማለፍ በሙያው ውስጥ እንደ ጀግንነት ስለሚታይ፣ የተጎዳ ሰው መጎዳቱን የሚያውቀው ብዙውን ጊዜ ከሌሎች ሁሉ በኋላ ነው።

መተግበሪያው አራት ክፍሎች አሉት። አንዱ ስለ ሕመሙና ስለ ሕክምናው ያስተምራል፤ አንዱ ምልክቶችን ይለካል፤ አንዱ ምልክት ሲነሳ የሚሠራ ልምምድ ይሰጣል፤ የመጨረሻው እርዳታ የሚገኝበትን ያመለክታል። የመጨረሻውን በአጭሩ ልለፈው፤ በውስጡ የተመዘገቡት የስልክ መሥመሮችና ተቋማት አሜሪካ ውስጥ ላለ ሰው የተዘጋጁ ናቸው፤ በሌላ ቦታ ያለ ሰው ከዚህ ክፍል የሚያገኘው ዋና ጥቅም የሚያምናቸውን ሰዎች ስልክ ራሱ መዝግቦ በአንድ ንክኪ መደወል መቻሉ ነው። ይህንንም ደህና በሆነበት ቀን አስቀድሞ መሙላት ይገባል፤ በከፋው ሰዓት ስም መፈለግ ለማንም አይቀናውም። የማስተማሪያው ክፍል ጽሑፎች አጫጭርና ግልጽ ናቸው፤ ቋንቋቸው ግን እንግሊዝኛ ወይም ስፓኒሽ በመሆኑ የሕክምና እንግሊዝኛ የለመደ ባለሙያ ሳይቸገር ሲያነባቸው፣ የእሱ ባለቤት ወይም እናት ላይችሉ ይችላሉ።

በጣም የወደድኩት የመለኪያውን ክፍል ነው። የሚጠቀምበት መጠይቅ በክሊኒኮችና በምርምር ሥራ በሰፊው የሚሠራበት፣ ፒሲኤል-5 የሚባለው ነው። 20 ጥያቄዎች ያሉት ሲሆን ባለፈው አንድ ወር እያንዳንዱ ምልክት ምን ያህል እንዳስቸገረ ከ0 እስከ 4 ይሞላል፤ ስለዚህ ድምሩ ከ0 እስከ 80 ይደርሳል። ብዙውን ጊዜ 31 እስከ 33 ወይም ከዚያ በላይ ያገኘ ሰው በባለሙያ መመርመር እንዳለበት ይታሰባል፤ ቁጥሩ ብቻውን ግን የምርመራ ውጤት አይደለም። መተግበሪያው ውጤቱን በየጊዜው እየመዘገበ በመስመር ሥዕል ያሳያል፤ ቀጣዩን ጊዜም ያስታውሳል። ለድንገተኛ አደጋ ሠራተኛ የዚህ ጥቅም ከሚገመተው በላይ ነው። በድግግሞሽ የሚመጣ ጉዳት መጀመሪያው አይታወቅም፤ አንድ ቀን ብድግ ብሎ አይመጣም፤ ሰውየው በየወሩ ትንሽ በትንሽ እየተለወጠ የትናንቱን ራሱን ስለሚረሳ ዛሬ ያለበትን እንደ ተፈጥሮው ይቆጥረዋል። የስድስት ወር መስመር ወደ ላይ ሲወጣ በዓይን ማየት ግን የሚካድ አይደለም። የደም ግፊት መለኪያ በሽታን እንደማያድን ሁሉ ይህም አያድንም፤ ሆኖም ለሐኪሙ «ደህና ነኝ» ከማለት ይልቅ ስልኩን አውጥቶ ማሳየት ብዙ ንግግር ያሳጥራል።

መጠይቁ ግን ለዚህ ሙያ ሰው አንዳንድ ወጥመዶች አሉት፤ እነዚህን መተግበሪያው አያስጠነቅቅም። የመጀመሪያው ገና በመግቢያው ላይ የሚገኝ ነው። ጥያቄዎቹ ሁሉ «ያ አስጨናቂ ክስተት» እያሉ ስለ አንድ ክስተት ይጠይቃሉ። ብዙ ዓመት የሠራ ሰው የቱን ይያዝ? የሕፃኑን? የተቃጠለውን ቤት? ወይስ ምንም ደም ያልነበረበትን፣ ነገር ግን የሟቹ ሚስት ድምፅ ከጆሮው ያልወጣበትን ጥሪ? ሕክምናው ውስጥም ይኸው ጥያቄ ይነሳል፤ የተለመደው መልስም ዛሬ ላይ ከሁሉም ይበልጥ የሚመላለሰውን፣ በቅዠት የሚመጣውን፣ ሰውየው ለማንም ሊተርከው የማይፈልገውን መምረጥ ነው። ይህ ክስተት ከሌሎቹ ሁሉ የከፋው ላይሆን ይችላል። አንዱን መርጦ በየወሩ በዚያው ላይ መለካት ይገባል፤ በየጊዜው አዲስ ክስተት እየያዙ የሚሞሉት መጠይቅ የሚያወጣው መስመር ምንም ትርጉም አይኖረውም።

ሁለተኛው ወጥመድ ሙያው ራሱ ምልክቶቹን መደበቁ ወይም ማስመሰሉ ነው። «ከልክ በላይ ንቁ ሆነህ አካባቢህን ትቃኛለህ ወይ?» ተብሎ ሲጠየቅ አንድ የእሳት አደጋ ሠራተኛ «ይህማ ሥራዬ ነው» ብሎ ዜሮ ሊሞላ ይችላል፤ ትክክለኛው ጥያቄ ግን በዕረፍት ቀኑ ከልጆቹ ጋር ሲቀመጥም መውጫ በሩን እያየ ነው ወይ የሚለው ነው። ክስተቱን ከሚያስታውሱ ቦታዎች ስለመሸሽ ሲጠየቅም እንዲሁ ዝቅተኛ ቁጥር ይሞላል፤ ጥሪ ሲመጣ ወደዚያው መንገድና ወደዚያው ዓይነት ቤት መሄድ ግዴታው ነውና መሸሽ አይችልም። ሽሽቱ የሚገኘው በውስጥ ነው፤ ትዝታው ሲመጣ ርዕስ መቀየር፣ ትርፍ ፈረቃ መደራረብ፣ ከሥራ በኋላ መጠጥ። እንቅልፍን በተመለከተ ደግሞ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ የሌሊት ተረኛ በቀን መተኛት አቅቶት የሚሞላው ከፍተኛ ቁጥር የፈረቃው እንጂ የትዝታው ውጤት ላይሆን ይችላል። ስለዚህ መጠይቁን ሲሞሉ «በዕረፍት ቀኔ እንዴት ነኝ?» ብሎ ማሰብ የሚመከር ነው፤ ይህን የምለው ከመተግበሪያው ተምሬ ሳይሆን ባልደረቦች መጠይቁን እንዴት እንደሚሞሉት በማየት ነው።

ምስጢርን በተመለከተ መተግበሪያው የሚመሰገን ነው። አካውንት መክፈት አይጠይቅም፤ የተጠቃሚው መልሶች የሚቀመጡት በስልኩ ላይ ነው፤ አብዛኛው ክፍልም ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። በዚህ ሙያ እርዳታ የማይጠየቅበት ትልቁ ምክንያት አለቃ ይሰማል፣ ከመኪና ያወርዱኛል፣ ከጦር መሣሪያ ወይም ከመድኃኒት ቁልፍ ያርቁኛል የሚል ፍርሃት መሆኑን የሚያውቅ ሰው የዚህን ዋጋ ይረዳል። መጠንቀቅ ያለበት የስልኩን ባለቤትነት ነው፤ መሥሪያ ቤት በሰጠው ስልክ ላይ የግል ጤና መረጃ መያዝ አይመከርም።

አሁን ወደ ልምምዶቹ ክፍል ልምጣ፤ ብዙ ተጠቃሚ ብዙ ጊዜ የሚያሳልፈው እዚህ ነው። ተጠቃሚው በዚያ ሰዓት የሚያስቸግረውን ይመርጣል፤ ትዝታ መቀስቀስ፣ ቁጣ፣ ጭንቀት፣ ከሰው መራቅ፣ እንቅልፍ ማጣትና የመሳሰሉት ተዘርዝረዋል። ከዚያም ጭንቀቱን ከ0 እስከ 10 ባለው መለኪያ ላይ ያመለክታል፤ መተግበሪያው አንድ ልምምድ ያቀርብለታል፤ ሲጨርስ እንደገና ይለካል። የቀረበው ካልተስማማው በሌላ ሊቀይረው፣ የወደደውንም ለሌላ ጊዜ ሊያስቀምጠው ይችላል። ይህ ሁለት ጊዜ መለካት ትንሽ ነገር ይምሰል እንጂ ብልህ አሠራር ነው፤ ሰውየው የትኛው ልምምድ ለእሱ እንደሚሠራ ሰው ሳይነግረው ከራሱ ቁጥር ይማራል።

ከልምምዶቹ ሁሉ ለእኛ ሥራ ይበልጥ የሚሆነው ትዝታ ሲቀሰቀስ የሚሰጠው ባለ ሦስት እርምጃ ልምምድ ነው። በመጀመሪያ ተጠቃሚው ለአጭር ጊዜ ሰውነቱን ያረጋጋል፤ ቀጥሎ ምን እንደቀሰቀሰውና የአሁኑ ሁኔታ ከያኔው በምን እንደሚለይ ይለያል፤ በመጨረሻ አሁን ምን እንደሚያደርግ ይወስናል። ሁለተኛው እርምጃ ነው የልምምዱ አስኳል። በአንድ መንገድ ላይ የሞተ ልጅ ያነሳ ሠራተኛ ከወራት በኋላ ተመሳሳይ ጫማ ባየ ጊዜ ልቡ የሚመታው አእምሮው ያኔንና አሁንን ስለሚያደባልቅ ነው፤ «ይህ ሌላ ልጅ ነው፣ ቆሟል፣ እየሳቀ ነው» ብሎ ልዩነቱን መጥራት ሁለቱን ያለያያል። ኤለርስና ክላርክ የተባሉ ተመራማሪዎች ባዳበሩት የሕክምና ዘዴ ውስጥም ያኔንና አሁንን መለየት ትልቅ ቦታ አለው። የአተነፋፈስ ልምምዱና ጡንቻን እየወጠሩ ማላላቱም ከፈረቃ በኋላ በመኪና ውስጥ ቤት ሳይገቡ ሊሠሩ የሚችሉ ናቸው። በምናብ ወደ ባሕር ዳርቻ ወይም ወደ ጫካ የሚወስዱት የድምፅ ልምምዶች ግን ዓይንን ጨፍኖ ረዘም ያለ ጊዜ ስለሚጠይቁ በጥሪ መካከል አይሆኑም፤ ዓይኑን ሲጨፍን ሥዕሉ ለሚመጣበት ሰውም ጭንቀት ሊጨምሩ ይችላሉ። እንዲህ ላለው ሰው ዓይን ከፍቶ በዙሪያው ያለውን ነገር አንድ በአንድ መጥራትን የመሰለው ልምምድ ይሻላል።

ከላይ «ሕክምናውን የሚያዘገይ ልማድ» ያልኩት እዚህ ላይ ነው። የዚህ ሕመም ዕድሜ የሚረዝመው በዋናነት ትዝታውን በመሸሽ ነው። ትዝታው ብቅ ባለ ቁጥር ትንፋሽ ቆጥሮ ማባረር ለዚያ ሰዓት ያሳርፋል፤ አእምሮ ግን «ይህ ትዝታ አደገኛ ነበር፤ ያመለጥከው ስለሸሸህ ነው» የሚል ትምህርት ይወስዳል። ሠራተኛው ጥሪ ላይ እያለ ትዝታ ቢመጣበት ማረጋጋቱ ትክክል ነው፤ ታማሚው ይጠብቀዋልና። ቤት ገብቶም፣ በሳምንት ዕረፍቱም፣ ወር ሙሉ ያንኑ ካደረገ ግን መሣሪያው ለሽሽቱ ጥሩ ጫማ ሆኖለታል ማለት ነው። መተግበሪያው በማስተማሪያው ክፍል ስለ መሸሽ ጉዳት ያብራራል፤ ከልምምዶቹ ጎን ግን ይህ ማስጠንቀቂያ ሁልጊዜ አይገኝም። የእኔ ምክር ቀላል ነው፦ ልምምዱን ለሥራ ሰዓት፣ ለመኝታ ሰዓትና ቁጣ ከአፍ ሊወጣ ሲል ማዋል፤ ትዝታውን በተመለከተ ደግሞ ከባለሙያ ጋር ቀጠሮ መያዝ።

ከባለሙያው ጋር የሚደረገው ምንድን ነው? መተግበሪያው ስለ ሕክምና ዓይነቶች የሚሰጠው መረጃ ትክክለኛ ነው፤ ለተደጋጋሚ ጉዳት ግን ማስፋፋት ያስፈልገዋል። በኢድና ፎኣ የተዘጋጀው ሕክምና ሰውየው ትዝታውን ዓይኑን ጨፍኖ በአሁን ጊዜ ደጋግሞ እንዲተርከው፣ የሸሻቸውን ቦታዎችም ቀስ በቀስ እንዲጎበኝ ያደርጋል፤ ብዙውን ጊዜ ከ8 እስከ 15 ክፍለ ጊዜ ይወስዳል። በፓትሪሺያ ሬሲክ የተዘጋጀው ደግሞ በ12 ክፍለ ጊዜ ያህል «ቶሎ ብደርስ ኖሮ ይተርፍ ነበር» የመሰሉ አቋሞችን በጽሑፍ እያወጣ ይመረምራል። ፍራንሲን ሻፒሮ እ.ኤ.አ. በ1989 ይፋ ያደረገችው ኢኤምዲአር የተባለው ዘዴ ታማሚው ትዝታውን በአእምሮው ይዞ ዓይኑን ከግራ ወደ ቀኝ የሚንቀሳቀስ ነገር እንዲያስከትል ይጠይቃል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው መመሪያ በአሰቃቂው ትዝታ ላይ ያተኮረ የአስተሳሰብና የባሕርይ ሕክምናንና ኢኤምዲአርን ደግፏል።

ብዙ ክስተት ላሳለፈ ሰው ግን ሊታወቅ የሚገባው ሌላ ዘዴ አለ። ሻወር፣ ኖይነርና ኤልበርት ለጦርነትና ለስደት ተጎጂዎች ያዘጋጁት የትረካ ሕክምና ከአንድ ክስተት አይነሳም፤ ከሕይወት ታሪክ ይነሳል። መሬት ላይ ገመድ ይዘረጋል፤ ገመዱ ዕድሜ ነው፤ መልካም ጊዜያት በአበባ፣ አሰቃቂዎቹ በድንጋይ ይወከላሉ። ከዚያም ድንጋዮቹ በየተራ፣ የት እንደነበሩና ከየትኛው በፊትና በኋላ እንደመጡ ታውቆ ይተረካሉ። ለረጅም ዓመት የድንገተኛ አደጋ ሠራተኛ ይህ የሚስማማው የእሱ ችግር ጥሪዎቹ እርስ በእርስ መቀላቀላቸው ስለሆነ ነው፤ የአንዱ ሽታ ከሌላው ፊት ጋር፣ የአንዱ ጩኸት ከሌላው መንገድ ጋር ተያይዞ ይመጣል።

እዚህ ላይ አንድ ጥናት በተለይ ልጥቀስ፤ በዚህ ሙያ ላይ ያተኮሩ ጥናቶች ጥቂት ናቸውና። ሪቻርድ ብራያንትና ባልደረቦቹ በአውስትራሊያ አድርገው እ.ኤ.አ. በ2019 ያሳተሙት ሙከራ በፒቲኤስዲ የተያዙ 100 የድንገተኛ አደጋ ሠራተኞችን በዕጣ መድቧል። አንዱ ቡድን በየሳምንቱ ለ12 ሳምንት ሕክምና ሲያገኝ በየክፍለ ጊዜው ትዝታውን ለ40 ደቂቃ ይተርካል፤ ሁለተኛው ያንኑ ሕክምና አግኝቶ የሚተርከው ለ10 ደቂቃ ብቻ ነው፤ ሦስተኛው ተራ ይጠብቃል። ሁለቱም ሕክምናዎች ከመጠበቅ የተሻለ ውጤት አምጥተዋል፤ በ40 ደቂቃውና በ10 ደቂቃው መካከል ግን ልዩነት አልታየም። ይህ ለሠራተኛው ትልቅ ዜና ነው፤ ብዙዎች ከሕክምናው የሚሸሹት «አንድ ሰዓት ሙሉ እሱን ማውራት አልችልም» በሚል ነውና። መተግበሪያው ይህን የመሰለ ለሙያው የተለየ መረጃ አይሰጥም፤ ቢጨምር ብዙ ሰው ወደ በሩ ያቀርብ ነበር።

በየመሥሪያ ቤቱ የሚታወቀውን የቡድን ውይይትም ሳልጠቅሰው አልለፍ። ጄፍሪ ሚቸል እ.ኤ.አ. በ1983 ለአደጋ ጊዜ ሠራተኞች ያቀረበው፣ ከክስተቱ በኋላ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሠራተኞችን ሰብስቦ ያዩትንና የተሰማቸውን በየተራ የሚያናግረው ሥርዓት በብዙ ቦታ እንደ ግዴታ ተወስዷል። የሕክምና ጥናቶችን አሰባስቦ የሚመዝነው የኮክሬን ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2002 ያሳተመው ግምገማ ግን የአንድ ጊዜ ውይይት ፒቲኤስዲን እንደማይከላከል ደምድሟል፤ የብሪታንያው የጤና መመሪያ አውጪ ናይስም እ.ኤ.አ. በ2018 እንዳይሰጥ መክሯል። ለፍትሕ ያህል፣ በግምገማው የተካተቱት ጥናቶች በአብዛኛው በግል የተጎዱ ሰዎችን እንጂ አብሮ የሚሠራ ቡድንን አልተመለከቱም። ከከባድ ጥሪ በኋላ ባልደረቦች ሻይ ይዘው መቀመጣቸው ክፉ ነገር አይደለም፤ ክፉው ማንም ሰው ሳይፈልግ እንዲናገር መገደዱና ከዚያ በኋላ ማንም አለመከታተሉ ነው። በዚህ ረገድ መተግበሪያው ከብዙ መሥሪያ ቤቶች ሥርዓት ይሻላል፤ አያስገድድም፤ በየወሩም ይጠይቃል።

መተግበሪያው ራሱስ ማስረጃ አለው ወይ? አለው። ኩንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2017 ባሳተሙት ሙከራ ሕክምና ላይ ያልነበሩ 120 የትራውማ (የአሰቃቂ ክስተት) ተጎጂዎች በዕጣ ተከፍለው ግማሾቹ መተግበሪያውን ለሦስት ወር ሲጠቀሙ ሌሎቹ ተራ ጠብቀዋል፤ የተጠቀሙት በፒቲኤስዲም በድብርትም ምልክት ከጠበቁት ይልቅ ተሻሽለዋል። ይህ ለአንድ ነጻ መተግበሪያ ትልቅ ነገር ነው፤ በገበያ ላይ ካሉት የአእምሮ ጤና መተግበሪያዎች ብዙዎቹ አንድም እንዲህ ያለ ሙከራ የላቸውም። ተሳታፊዎቹ ግን ከሰፊው ሕዝብ የተወጣጡ እንጂ ነገም ተነገ ወዲያም ወደ አደጋ ቦታ የሚመለሱ ሠራተኞች አልነበሩም፤ ውጤቱን እንዳለ ወደ እኛ መውሰድ አይቻልም።

የጎደለውን ልናገር። ትልቁ ጉድለት ጥፋተኝነትን የሚነካ ነገር ማነሱ ነው። የዚህ ሥራ ቁስል በፍርሃት ብቻ አይመጣም፤ ሁለት ተጎጂ ባለበት አንዱን መምረጥ፣ አልጋ ስለሌለ በበር ላይ መመለስ፣ ከላይ የመጣ ትእዛዝ ስለከለከለ ቆሞ ማየት የሚያቆስሉት ሕሊናን ነው። ለዚህ የትንፋሽ ልምምድ መልስ አይሆንም፤ እንዲያውም በዚህ ቁስል ያለ ሰው «ተረጋጋ» ሲባል እንደ ስድብ ሊሰማው ይችላል። ሁለተኛው፣ የዓለም ጤና ድርጅት በአሥራ አንደኛው የበሽታዎች ዝርዝሩ ለይቶ ያስቀመጠው ውስብስብ ፒቲኤስዲ በመጠይቁ አይለካም። ይህ ሕመም ከተለመዱት ምልክቶች በላይ ስሜትን መቆጣጠር ማቃትን፣ ራስን እንደ ወራዳና እንደ ዋጋ ቢስ ማየትንና ከሰው ጋር መቀራረብ አለመቻልን ይጨምራል። በተደጋጋሚና በማይሸሽ ጉዳት ውስጥ በኖረ ሰው ላይ፣ በተለይ ከልጅነቱ የቆየ ጉዳት ተሸክሞ ወደ ሙያው በገባ ሰው ላይ፣ ሊገኝ የሚችል በመሆኑ ባለሙያ ሊመለከተው ይገባል። ሦስተኛው የፈረቃ እንቅልፍ ነው፤ የእንቅልፍ ምክሮቹ በየቀኑ በአንድ ሰዓት ተኛ፣ በአንድ ሰዓት ተነሳ የሚሉ ስለሆኑ ለተለዋዋጭ ተረኛ ሊፈጸሙ አይችሉም።

እንግዲህ ለማን ይሆናል? ከከባድ ጥሪ በኋላ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ለተረበሸ ሰው ጥሩ ነው፤ በዚህ ጊዜ አብዛኛው ሰው ያለ ሕክምና ስለሚሻለው መለካቱና መረጋጋቱ ይበቃል። በዚህ ጊዜ ቫሊየምን የመሰሉ ማስታገሻዎችን ለእንቅልፍ ብሎ ከመድኃኒት ሳጥን መጀመር ግን ትልቅ ስሕተት ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያም አይደግፈውም። ከወር በላይ ምልክት ለቆየበት ሰው መተግበሪያው ከሕክምና ጋር ጎን ለጎን ሲሄድ ይጠቅማል፤ ብቻውን ግን አይበቃም። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ለመጣበት፣ በሥራ ላይ ሳለ የት እንዳለ ለሚጠፋበት ወይም መጠጥ ለያዘው ሰው መተግበሪያው የመጀመሪያ መሄጃ አይደለም፤ ያን ቀኑኑ ሰው ማግኘት አለበት።

ይህን መተግበሪያ ለሠራተኞቻቸው ለማከፋፈል ለሚያስቡ ኃላፊዎችም የምለው አለኝ። ሊንኩን በቡድን መልእክት ልኮ «የሥነ ልቦና አገልግሎት ተሰጥቷል» ብሎ በሪፖርት ላይ መጻፍ አይቻልም። አብሮት መሄድ ያለበት ሦስት ነገር ነው፦ ከመሥሪያ ቤቱ ውጭ የሆነና ምስጢር የሚጠብቅ፣ በትራውማ ሕክምና የሠለጠነ ባለሙያ ስም፤ ለ12 ሳምንት ያህል በየሳምንቱ ለቀጠሮ የሚለቀቅ የሥራ ሰዓት፤ እንዲሁም ሕክምና የጀመረ ሠራተኛ ደመወዙና ቦታው እንደማይነካ የሚገልጽ በጽሑፍ የተሰጠ ውሳኔ። ሕክምናው ሳያልቅ ወደ ከባድ ጥሪ መመለስ አለመመለሱን ሠራተኛው ከሐኪሙ ጋር ይወስናል፤ ኃላፊው የሚወስነው ጊዜያዊ ቦታ መኖር አለመኖሩን ነው፤ ቦታውም አስቀድሞ መዘጋጀት አለበት።